ቆላ የወረደ ቅጠል

ሐምሌ ነው። ፖስታ ቤት። ሰባተኛው መስኮት።
ጃንጥላዬ ያነባል በተወለወለ መሬት።
ውጭ የቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ይፈሳል፤
ታክሲ ጎርፉን ይረጫል፣ እግረኛው ይራገማል።

የወንድሜ ልጅ ብሥራት፣ ድልድይ ሊማር የሄደው፣
ዘመድ ከሌለው ከተማ፣ ሺዙኦካ ከሚባለው፣
ጡብ የምታክል ከረጢት ልኮልኝ ኖሯል በፖስታ፤
ክብደቷ ግን የላባ ነው፣ አፏ በሙጫ ተዘግታ።

«ይከፈት» አለች ውዳላት፣ ስሟ ደረቷ ላይ አለ፤
ከፈትኩት። ዐይኗ ጠበበ። «ምንድነው? ቅጠል አይደለ?»
(በዚህ ከተማ «ቅጠል» ካሉ የሚታሰበው አንድ ነው፤
ሰውን አመርቅኖ፣ ሌሊት ቁጭ አድርጎ የሚያነጋው።)

«ሻይ ነው።»
«ሻይማ ጥቁር ነው።»
«ይኸኛው አረንጓዴ ነበር።»
«ታዲያ ምነው መልኩ እንዲህ?»
«ቆልተውት ነው።»
«ሻይ ደግሞ ይቆላል?» አለችና፣
እንደ ማስረጃ አስጠጋችው ወደ አፍንጫዋ፣ ቀና
ብላ ሳበችው።
ዝም አለች።
ማኅተሙ እጇ ላይ ቀረ።

«ቆሎ» አለች በመጀመሪያ። ቀጥላ ደግሞ፣ «አይ፣ ገለባ፤
አይ፣ አናጢ ቤት ከሰዓት፣ በመስኮት ፀሐይ ሲገባ፤
ድስት ጠርዝ ላይ ያረረ ስኳር... ቆይ፣ እሱም አይደል፤
ሣጥን ውስጥ የከረመ የአባቴን መዝገብ ይመስል።»

ወረፋው ከኋላዬ አጉረመረመ፤
አንድ ጠበቃ ሰዓቱን አይቶ ደገመ።
እሷ ግን ማንቆርቆሪያዋን ሰክታ፣ ውሃው እስኪጮህ ጠብቃ፣
ከደብዳቤ ክምር ማህል ሦስት ብርጭቆ አወጣች ፈልቅቃ።

ቀለሙ? ፒያሳ፣ ከዛገ ቆርቆሮ የሚወርድ ዝናብ።
ጣዕሙ ጉንጭ አያጨማድድ፣ ምላስ ላይ አይንገበገብ፤
ገብቶ ይቀመጣል ብቻ፣
እንደማያወራ እንግዳ፣ እንደማይቸኩል አቻ።

የጥበቃው ባሻ ደምጤ፣ «ስኳሩስ?» ብሎ ጠየቀ፤
«የለውም» ስለው፣ «ጦም ነው እንዴ?» ብሎ ብርጭቆውን አደረቀ።

ቅጹ ላይ «ዓይነት» በሚለው ቡና አለ፣ ሻይ አለ፣ ቅመም፤
ብዙ አስባ «ሌላ» ላይ አሰመረች። ቀረጥ አልጠየቀችኝም።

*

እኔ አራሚ ነኝ። ሥራዬ በሌሊት፣ አራት ኪሎ አጠገብ፣
ሲነጋ የሚሸጥ ጋዜጣ በቀይ እስክሪብቶ ማንበብ።
ሠላሳ ዓመት ቡና ነበር ዐይኔን ገልጦ የሚያቆም፤
ዘንድሮ ሐኪሙ ልቤን ሰምቶ፣ «ከእንግዲህስ አይሆንም።»
ጣዕሙን አይደል የናፈቅኩት፤ ያንን የተቆላ ሽታ፤
እሱ የሌለበት ክፍል በር እንደሌለው ቤት ነው ማታ።

ይህ ቅጠል ደጋ ነው ያደገው፣ ጉም ሲጠጣ፣ ጤዛ ሲልስ፤
ለጋ ሳለ መራራ ነበር፣ አፍ የሚያስር፣ ሆድ የሚያምስ።
አንድ ቀን እጅ አገኘውና ቆላ፤ ቆላ ወረደ ቅጠሉ፤
ምሬቱን እሳቱ በላለት፣ ሽታው ብቻ ቀረ ሙሉ።
(እንዲህ ያለ እሳት የሚያሻው ብስጩ ሰው አውቃለሁ እኔ፤
ስሙን አልጽፍም። ጢሜን ስላጭ በየጠዋቱ ያየዋል ዐይኔ።)

ያን ሌሊት ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ። ልቤ በቦታዋ ነበረች፤
እጄ እስክሪብቶ እንደያዘች፣ ዐይኔ ግን ጥላኝ ሄደች።
ስነቃ ጋዜጣው ስታዲየም ደርሷል፣ ፒያሳ ተሸጧል፤
ገጽ አሥራ ሁለት፣ ከማስታወቂያው ጥግ፣ እንዲህ ይላል፦

«ልምድ ያለው የቤት ሻይ እንፈልጋለን።»

ሻጭ ሊባል ነበር።

አዘጋጁ ጠራኝ። ገጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።
«ይህን እንዴት አለፍከው?»
«ተኝቼ።»
«አንተ? ተኝተህ?»
ጣቱን ከፊደሉ ላይ አላነሣም።
«አንዲት ሴት ደውላለች፣ ከፖስታ ቤት፤
‹የተቆላ ከሆነ ንገሩኝ› ብላለች።
ምን ማለቷ ነው?»
ከረጢቷን ከኮቴ ኪስ አወጣሁ።
«ውሃ አለ?»