ምክንያት አይጠየቅም

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከሚስማር ሱቅ በላይ፣
ጠረጴዛዬ አለ፣ ባጃጅ ተራውን የሚያይ።
ሥራዬ ክፉ ቀንን በዋጋ መተመን፣
ያልደረሰን ነገር ይደርሳል ብሎ ማመን።

ጥር ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን አቶ አንሙት መጡ፣
ኮታቸውን አውልቀው ከፊቴ ተቀመጡ፤
በርበሬ ነጋዴ፣ የጅጋው ትልቅ ሰው፣
ኮታቸው ሲራገፍ እኔን ያስነጠሰው።

«ለፋሲካ» አሉኝ፣ «ኢየሩሳሌም ነኝ፤
ትኬቱን ቆርጫለሁ፣ መድኑን ቁረጥልኝ።»
ሁለት ስም አስጻፉ፤ አንዱ የራሳቸው፣
ሌላው ይበልጣል ነው፤ አንድ ነው አባታቸው።

ውሉን አነበብኩት፣ ጣቴ ከመስመሩ፦
ሞት ቢመጣ፣ ሕመም፣ ቢሰበር እግሩ፣
ሙሉው ይመለሳል፤ ግን ወረቀት ለእኛ፣
የሐኪም ማኅተም፣ አልጋ ላይ ያስተኛ።

«ልቤ ቢመለስስ?» አሉኝ አቋርጠው፣
«እንዲሁ ሳልታመም፣ ሆዴን ቅር ቢለው?»

ለሱ ሌላ አንቀጽ አለ፤ አረቦኑ ጨመር ያለ።
(አንቀጹ ቤት አይመታም፤ እንዳለ ልጻፈው፦)
ትኬቱ በተቆረጠ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከተገዛ፣
ከጉዞው አርባ ስምንት ሰዓት ቀድሞ ከተሰረዘ፣
ከመቶ ሰባ አምስቱ ለባለ ውሉ ይመለሳል፤
ምክንያት አይጠየቅም።

ሳቁ። «አይጠየቅም? በቅሎ እንኳን እኛ አገር
ከመንገድ ብትመለስ ዝም ተብሎ አይታደር፤
‹ምን አየች?› እያለ ሰፈር ሲያወጋ ያድር።»
በላስቲክ የታሰረ ብር አውጥተው ቆጠሩ፣
ዳር ዳሩ ቀይ ነበር። ለሁለቱም ጨመሩ።

(የቀረውን ሰው ነገረኝ፤ ከተማዋ ትንሽ ናት፦
ላህ ወንዝ ዳር ባለች ባንዲት ጥማድ መሬት
ወንድማማች አሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈው፣
የችሎቱ መዝገብ ከእህል ጆንያ ወፍሮ፣
በአንድ ገበያ ውለው፣ በሁለት መንገድ ገብተው።
ኢየሩሳሌም የአቶ አንሙት አሳብ ነበረች፤
ጎን ለጎን ሁለት ወንበር፣ ወሰን የሌላት።)

ሚያዝያ በገባ፣ ጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረው፣
ደረጃው ተንቋቋ። ገቡ። አሉ፦ «ሰርዘው።»
«አንዱን ነው?» «ሁለቱን።»

ፎርሙን ዘረጋሁት። ስም፣ ቀን፣ የውል ቁጥር፤
«ምክንያት» የሚል ሣጥን አለ ከግርጌው ሥር፤
ሰረዝ ጣልኩበት።
እጄ ሲጽፍ ግን ልቤ ሒሳብ ያዘ፦
ሞት ቢሆን ሙሉውን፣ ወረቀት በያዙ፤
ሕመምም እንደዚያው። በርበሬ ነጋዴ
ከመቶ ሃያ አምስት አይጥልም በዋዛ።
ስለዚህ የሞተ የለም። የታመመም የለም።
ይህ ማኅተም የሌለው፣
ሐኪም የማይጽፈው፣ ቀበሌ የማያውቀው
አንድ ነገር ነው።

ፈርመው አልተነሡም። ባርኔጣቸውን ይዘው
ወንበሩን አሞቁት። ከታች የሱቁ ሰው
ሚስማር ሲመዝን ይሰማል፣ ኪሎ በኪሎ።
«እህ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣
«አትጠይቀኝም ወይ?»
«የለም፣ አቶ አንሙት፤ አይጠየቅም» አልኩኝ፣
እንደ መልካም ዜና። መስተንግዶ መሰለኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ደረጃውን ወረዱ፣
አንድ፣ ቆም፣ አንድ፣ ቆም፤ እያዩ እንደሚሄዱ።

ገንዘቡ ገባላቸው በአሥረኛው ቀን።
ሁለት ጊዜ ደመርኩት፤ ሳንቲም አልጎደለ።
ፋይሉን ልዘጋ ስል ሰረዟን አየኋት፤
በሁለት እርሻ መሀል የተሰመረች ድንበር
ትመስላለች፣ እኔ ያሰመርኳት።

ቅዳሜ ጅጋ ልሄድ ነው፣ በጠዋቱ ሚኒባስ።
ቤት ውስጥ በርበሬ አለ፣ እስከ ሰኔ የሚደርስ፤
ቢሆንም በርበሬ ነው፣
ማንም ከጠየቀኝ።