አርባ ሰባት ቁጥር

ጥር በገባ ባምስት፣ ውርጩ እንደ ጨው ነጥቶ፣
አንድ አውቶብስ ሙሉ ስፖርተኛ መጥቶ፣
ካገራቸው ኮሌጅ ለሃያ ቀን ትምህርት
ደብረ ብርሃን ወረደ፣ በቁምጣ፣ በብርድ ወራት።
የኮርሳቸው ርእስ፦ «ከፍታና ልብ»፤
እኔም ተቀጠርኩኝ አፍ ልሆን በቀን ሒሳብ።
ልሳነወርቅ ተብዬ ስጠራ በጥምቀቴ
ይሄን ቀን ታይቶት ነው? እንጃለት አባቴ።
እኔ እንኳ ሯጭ ነበርኩ፣ የአምስት ሺህ ሜትር፣
ጉልበቴ ሳይከዳኝ፣ ሳልሰረዝ ከዝርዝር።

ሯጮቹ ደስ አላቸው። በጧት ተሰልፈው
በጠባሴ መንገድ ጋሪ ሁሉ አልፈው
ሲመለሱ፣ ሰዓታቸው የልባቸውን ምት
ይነግራቸዋል፤ ይጽፉታል ቁርስ ሳይቀምሱበት።

ኮዲ ግን ሯጭ አይደል፤ አሎሎ ወርዋሪ፣
ደረጃ ሲወጣ ከሁሉ ኋላ ቀሪ።
ብርድ ልብስ ታደለ፣ የከተማው ፋብሪካ፤
የሱ እግር ግን ጫፉን አልፎ ሌሊቱን ሲነካ
አደረ የአልጋውን ብረት።
«አየራችሁ» አለኝ በነጋታው «ቀጭን ነው፣
እንደ ተማሪ ኪስ፣ ብምገው ብምገው።»
አሎሎው መጋዘን ተቆልፎበታል፤
ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዷል፤ «ሰኞ ይመለሳል።»
ሰኞ ሄድን። «ነገ።» ማክሰኞ ሄድን። «ነገ።»
ኮዲ ካማርኛችን ይቺን ቀድሞ ለየ፦
ነገ።

በስምንተኛው ቀን ይዤው ሄድኩ ካባ፤
ለሙሽራ አይደለም፣ ለመዶሻ የሚገባ፣
ከበሬሳ ማዶ። ሃያ ዓመት ፈልጦ
አንድ ጣት ጎድሎበት፣ አንዱ ጥፍር ተልጦ
ጋሽ ሸዋቀና አለ። ከእግር እስከ ራሱ አየው፤
«ይሄን በሬ» አለኝ «ከየት ነው ያመጣኸው?»
አልተረጎምኩለትም።
መረጠለት ድንጋይ፣ ክብና ጥቁሩን፣
በመዳፉ መዘነ ሰባት ኪሎውን።
ኮዲ አንገቱ ሥር ወሽቆ ዞረ፣ ወረወረ፤
ድንጋዩ የአፈር ክምር ገብቶ ተቀበረ።
መዶሻው ሁሉ ቆመ።
ጋሽ ሸዋቀና ግን ራሱን ነቀነቀ፦
«ክንዱ ደግ ነው፤ እግሩ ግን መሬት አላወቀ።
መሬት ነው ወርዋሪ፤ ክንድማ መልእክተኛ።
በለው።» አልኩት። ቆየ፣ እያየ ወደኛ።
«ይሄን ነው» አለ «አሠልጣኜ አራት ዓመት ሲለፋ፣
በሥዕል፣ በቪዲዮ፤ እኔ ላይ ግን ጠፋ።»

ሌሎቹ አንኮበር ገደል ሊያዩ ወጡ፤
እነሱ ሁለቱ ካባ ላይ ተቀመጡ፣
የበሶ ጭብጦ ለሁለት ገምሰው፣
አንዱ እግሩን ሲያሳይ አንዱ ሲከተለው።
ቃል አላስፈለገም። ዳር ላይ ጸሐይ ሞቅሁኝ፤
ያን ቀን ምንም ሳልል አበሌን በላሁኝ።
(ቅናት ነው? ይሆናል።)
ሊመሽ ሲል ሽማግሌው መዶሻውን አሳርፎ
«አንተስ?» አለኝ፣ ጉልበቴን በዐይኑ ገርፎ፤
«ሩጫውን የተወው እግርህ ነው ወይስ አንተ?»
ኮዲ «ምን አለህ?» ሲል ምላሴ ተሳሳተ፤
«ብርዱ በረታ ይላል» አልኩት።

ሃያው ቀን አለቀ። ወረቀት ታደለ፤
ስሜ ሁለት ፊደል ጎድሎት፣ ማኅተም ግን አለ።
ኮዲ ጫማውን ተወልኝ፣ አርባ ሰባት ቁጥር፤
የኔ እግር አርባ ነው፤ ለማንስ ይነገር?
ወሰድኩ ለጋሽ ሸዋቀና። በመንዝ በግ ጠጉር
ጫፉን ጠቅጥቆ ተጫማው፤ እየተንገዳገደ ይስቃል፦
«ልጁስ ዘግይቶ ነው፤ ጫማው መሬት አውቋል።»

ዛሬ ጧት ውርጩ ላይ ያ ትልቅ ዱካ
ወደ ካባው ይሄዳል፣ ሣር ሣሩን እየነካ።
ካልሲዬን ሳብኩ። ዙሪያዬን አየሁ። ማንም የለም።
ዱካውን ይዤ ሮጥኩ፤ ሩጫ እንኳ አይባልም፣
ሶምሶማ ናት፤ ጉልበቴ ቋ ይላል እንደ በር፤
እስከ ድልድዩ ደረስኩ።
ልቤን የሚቆጥርልኝ ሰዓት አልነበር።
እስከ ካባው፣ ነገ።
«ነገ» ስል ግን እኔም ሳቅሁ።