ለጤናችን

አምስት ቀን ተኝቼ ዛሬ ገና ተነሣሁኝ፣
ሱሪዬ አልይዝ ቢለኝ ቀበቶዬን በምስማር በሳሁኝ።
ኩታይሲ አዲሱን ዓመት ልትቀበል ሽር ጉድ ትላለች፤
ናቴላ ገበታውን እስከ በሩ ሞልታዋለች፤
ቱርክ ዶሮው በዋልነት መረቅ ውስጥ ተንጋሎ ተኝቷል፣
እኔ የለቀቅሁትን አልጋ የወረሰ ይመስል።
ለእኔ የሩዝ ውሃ። የደረቀ ዳቦ።
ሆዴ እንደ ኮረፈች አማት ፊቱን አዙሯል።

ኦታር ወይኑን በቀንድ ይዞ ቆመ፦ «ለጤናችን!»
ጨለጡት።
እኔም ለብ ያለ ብርጭቆዬን አነሣሁ፤
ሳቁብኝ፣ ሳቅሁ።
ናቴላ ብቻ፣ ማንም ሳያያት፣
ዳቦዬን ከመረቁ አጥቅሳ መለሰችልኝ፤
አንዴ፣ ጫፉን ብቻ።

እኩለ ሌሊት ላይ፣ ርችቱ ሲፈነዳ፣
ያጉረመረመው ማን እንደሆነ እንጃ፤
ሰማዩ ይሁን ሆዴ።