እንበል

ሃርሊንገን ላይ ባሕሩ ከቦዩ አይስማማም፤
ሲሞላ ይፎክራል፣ ሲጎድል አይሰማም።
በመሃል ሁለት በር፣ አንድ ጠባብ ጓዳ፣
መርከብ ተራ ይዞ የሚቆምበት እንደ እንግዳ።
ሕጉ አጭር ነው፦ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይዘጋ።
ሁለቱ ባንዴ ከተከፈቱማ፣
ከተማው ከነአልጋው፣ ከነሣህኑ፣ ሲዋኝ ሊያነጋ!

ድሮ ይህን ሕግ የሚጠብቅ ዊትሰ ነበር፣
በፊሽካና በስድብ፣ ነፋስ ላይ ሲያድር።
ዛሬ ግድግዳው ላይ ግራጫ ሣጥን አለ፣
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መስመር ትዕዛዝ ያዘለ።
አይሳደብም፣ አይተኛም። ዊትሰ የሚለው ግን አንድ ነው፦
«የማያፍር ዘበኛ እንዴት ነው የሚታመነው?»

ሻውክዬ መጣች፣ ከዩኒቨርሲቲ፣ በባቡር፣ ቦርሳዋ ወረቀት ብቻ።
(ስሟ በኛ ጆሮ ቁልምጫ ይመስላል፤
አፍ ሞልቶ «ፕሮፌሰር» ለማለት እሱ ይከለክላል።)
መሐንዲሶቹ ኮሩ፦ «ሺህ ጊዜ ሞክረነዋል፣
ሺውንም ጊዜ በሰላም ከፍቶ በሰላም ዘግቷል።»
መነጽሯን ጠረገች። የመለሰችው፣
ወደ አገሬ ሙግት ስመልሰው፣ እንዲህ ነው፦
«ሺህ ምስክር ቆጠራችሁ፤ እኔ የምጠይቀው ዋስ ነው።
ምስክር ላለፈው ቀን ነው፤
ዋስ ግን ገና ላልመጣው።»

እኔ ተማሪዋ ነኝ፤ እርሳስ እቀርጻለሁ፣
ስትሰርዝ እሰርዛለሁ።
ከየመስመሩ በፊት «ምን እውነት ነበር?» ትላለች፣
ከየመስመሩ በኋላ «ምን እውነት ቀረ?» ትላለች፤
እንደ ወፍጮ የሚዞረውን ትዕዛዝ ደግሞ
ስንቴም ቢዞር የማይናወጥ አንድ ቃል ፈልጋ ትቸነክረዋለች።
ያን ቃል ፍለጋ ሁለት ክረምት ሄደ።

በሦስተኛው ኅዳር፣ መቶ አርባኛው መስመር ላይ፣
ማረጋገጫው እንደ በቅሎ ጆሮውን አጥፎ ቆመ።
ብንገፋው፣ ብንለምነው፣ ወይ ፍንክች!
ሻውክዬ እርሳሷን ነክሳ ብዙ ዝም አለች፣
ከዚያ «መብራት ቢጠፋስ?» አለች።
በሩ ግማሽ ተከፍቶ ሳለ መብራት ጠፍቶ ቢመለስ፣
ሣጥኑ ከዜሮ ይቆጥራል እንጂ የከፈተውን አያስታውስ።
ሌላውን በር ቢከፍት ማን ከልካይ አለበት?
ሺው ሙከራ የተደረገው መብራት ባልጠፋበት!

አንድ መስመር ጨመርን። በማግስቱ ጋዜጣው ምንም አላለ።
ምን ይበል? «ትናንት ሌሊት ሃርሊንገን አልሰጠመችም»?
ላልሆነ ነገር ሐውልት አያቆሙም፤
ላልፈሰሰ ውኃ ባልዲ አያቀብሉም።

ማረጋገጫው አለቀ፤ ስልሳ አንድ ገጽ። ኬክ ገዛሁ።
ልቆርሰው ስል፣ የመጀመሪያውን ገጽ ስታነብ አየሁ፣
የመጀመሪያውን መስመር፣ እኔ ስንቴ ዘልዬ ያለፍኩትን፦
«እንበል፣ የውኃውን ከፍታ የሚለካው መሣሪያ እውነቱን ይናገራል።»
ኮቷን ለበሰች።

ባቡር ውስጥ አልተነጋገርንም። ዊትሰ ባትሪ ይዞ ቀደመን፣
ዝገት የለበሰውን መሰላል በብርሃን እየጠቆመን።
ከታች፣ ባሕሩ በሸሸበት፣ መሣሪያው ጥቁር ዛጎል አብቅሏል፣
ዓይኑንም ጆሮውንም ደፍኖታል።
ስልሳ አንድ ገጽ በአንድ «እንበል» ላይ ቆሟል፤
«እንበል»ን ደግሞ ጨው ይበላዋል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ
ሻውክዬ የሱፍ ጓንት አጥልቃ፣ መፋቂያዋን በጥርሷ ይዛ ትወርዳለች፤
ዊትሰ ወገቧ ላይ የታሰረውን ገመድ ይይዛል።
ማረጋገጫው ውስጥ ይህ አልተጻፈም።
ነፋሱ ሲዞር ድምፁ እኔ ጋ ይደርሳል፤
ፊሽካውን ተቀምቷል፣
ስድቡ ግን እንደ ድሮው ነው፣
አንድም ቃል አልተለወጠ።