ስኳር የጠፋ ሰሞን

ጥቁር ሻይ ይሉታል። ጥቁር ግን አይደለም።
ብርጭቆ ውስጥ ገብቶ ብርሃን ሲያገኘው፣ ስም የለው ያ ቀለም፤
ቀይ ልበል? ወይን ጠጅ? ዝናብ ያጠበው የቆርቆሮ ዝገት?
ፀሐይ ከኋላው ስትመጣ ደግሞ፣ የእሳት ዳር ዳርታ አለበት።
ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት የሰው ፊደል ሳርም ዓይኔን አሟጥጬ፣
ለዚህ አንድ ቃል አጣሁ፣ ጄሪካን ላይ ተቀምጬ።

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ሽቅብ ወደ ፒያሳ መንገዱ ሲታጠፍ፣
ሙንተሃ አለች፣ ከከሰሏ ደጃፍ።
ወንበሯ ስድስት ነው፣ ሰባተኛው ጄሪካን፤
ስንቶቻችን እሱ ላይ ተቀምጠን ነቃን!
ከጎኗ ልሳኑ፣ ሰዓት ጠጋኙ፣ የመስታወት ሳጥኑን ዘርግቶ፣
አንድ ዓይኑ ማጉያ ውስጥ፣ ሌላው መንገዱን አይቶ።

ሙንተሃ ቅጠሉን ከውሃ ጋር አትቀቅልም።
ውሃው ይፈላል፣ ይወርዳል፣ ቅጠሉ ይገባል፤ ክዳኑን ማንም አይከፍትም።
«ሻይ እንደ ነገር ነው» ትላለች፣ «ሲንተከተክ ከዋለ ይመራል።»
ከዚያ «አራት ደቂቃ!» ስትል፣ ልሳኑ ቀና ይላል።
ግን በየትኛው ይያል?
ከፊቱ አሥራ ሰባት ሰዓት ተንጠልጥሏል፤
አንዱ ይከንፋል፣ አንዱ ይጎተታል፣
አንዱ ካምና ክረምት ወዲህ ቆሟል።
ሻይዋም አንድ ቀን ይሳሳል፣ አንድ ቀን ይጨክናል።
«ዛሬ በሲኮ ነው? በራኬታ?»
እንላታለን፣ ከመጀመሪያው ፉት በኋላ፣ በፈገግታ።

እኔ ግን፣ እውነት ለመናገር፣
ሻይ ጠጥቼ አላውቅም ነበር።
አራት ማንኪያ ስኳር ነው የምጠጣው በየጊዜ፤
ሙሽራው ስኳሩ፣ ሻዩ ሚዜ፣
ቀረፋና ቅርንፉዱ እልልታ።

ከዚያ ስኳር ጠፋ።
የሸማቾች ሱቅ በር ላይ ሰልፉ ሲረዝም፣ ግፊያው ሲከፋ፣
ሙንተሃ ሦስት ቀን ቆማ፣ ባዶ ፌስታሏን አጥፋ ተመለሰች፣
ብራዱን ጣደች፣ ብርጭቆዋን ደረደረች፣
የስኳሩን ጣሳ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ ደፋች።
«ያለሱ የማይሆንለት ይሂድ» አለች።

ግማሹ ሄደ። የታክሲው ረዳት እየተራገመ ወጣ።
የባንኳ ልጅ ከቦርሳዋ ከረሜላ አወጣች፣ ጉንጯ ሥር ወትፋ ልትጠጣ።
እኔ ቀረሁ። ከጽናት አይደለም፣ ከግትርነት።
ልሳኑ ማጉያውን አወለቀና አየኝ፣ እንደሚፈታ ሰዓት።
«አትጋተው» አለኝ፣ «አፍንጫህ ይቅደም።
ከዚያ ፉት በል፣ ድምፅ አውጣ፣ ነውር የለውም፤
አየር ካልገባበት አይናገርም።
ምላስህ ላይ ይቆይ፤ ማንም አይቀማህም።»

መጀመሪያ መረረኝ። ፊቴ ተኮሳተረ።
ሁለተኛው ላይ፣ ጥሬ ዘይቱን እንደነከሰ ሰው፣ ምላሴ ዳርና ዳር ታሰረ።
ሦስተኛው ላይ… እንዴት ልበላችሁ…
ከምሬቱ ጀርባ አንድ ነገር በሩን ገርበብ አደረገ፤
ዝናብ የመታው ሣር፣ የማር ሰፈፍ፣ ሩቅ የሚጨስ እርጥብ እንጨት፣
ከዚያም ጠፋ። ጉሮሮዬ ላይ ብቻ ጥቂት ጣፋጭ ነገር ዘገየ፣
ማንም ያልጨመረው፣ ከራሱ የመጣ።

አራሚ ነኝ። ስሕተት ነው የምፈልገው ከገጹ ላይ።
ያን ጠዋት አራት ማንኪያ ስሕተት ሰርዤ፣
ዋናውን ጽሑፍ አነበብኩት፣ ከሻዩ ሥር ሻይ።

ስኳር ከወራት በኋላ መጣ። ረዳቱም መጣ፣ እርግማኑን ትቶ።
ማንኪያዋ ወደ እኔ ስትዞር፣ መዳፌ ብርጭቆዬን ከደነ፣ ከእኔ ቀድሞ ተዘርግቶ።
ሙንተሃ ሳቀች።

አንድ ማለዳ ግን፣ ካፊያ ሰውን ሁሉ ጣራ ሥር ሰብስቦ፣
«አራት ደቂቃ!» አለች። ልሳኑ አየ፤ አስቦ፣
አውቆ፣
ያን የቆመውን ሰዓት።
«ገና ነው» አላት።
ቆየችና «ደረሰ?» «ገና ነው።» ሙንተሃ፣ ቆማ እንጂ ተቀምጣ አይተናት የማናውቅ፣
ጄሪካኑ ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን ዘርግታ፣ ከሻሿ የካፊያ ጠብታ ሲወድቅ።
ስለ ልጇ አወራችን። ስለ ቤት ኪራይ። ስለ ምንም።
ክዳኑን ማንም አልከፈተም።

ሲቀዳ፣ ብርጭቆው ውስጥ ብርሃን አላለፈም፤
ያን ቀን ብቻ ሻዩ ስሙን መሰለ።
አፍ ያስራል። ምንም አላልንም።
ሁላችንም ጨለጥነው።