ቅርፊት

ለወላጆች ስብሰባ ሠላሳ ወንበር ደረደርኩ፣
ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በር ከፍቼ ጠበቅኩ።
ሦስት ሰው መጣ።
አንዱ ቧንቧ ሊሠራ ኖሯል፤ ተሳስቶ ገባና ወጣ።

የታልካዋኖ ነፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ እያፏጨ
ጨውን ከባሕር አፍሶ ሰሌዳዬ ላይ ረጨ።
“ግድ የላቸውም” አልኩ ጠመኔዬን ወርውሬ፣
“በሰው ልጅ እስከ መቼ ልኑር እኔ ተቸግሬ?”

ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ደግሜ ጻፍኩ፤
ዐሥራ ሁለት ሆነ፤ ከሥሩ በቀይ አሰመርኩ።
ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ ብቻ ተመለሰ፣
አራት ቦታ የታጠፈ፣ ጠርዙ በቅባት የራሰ።
ፊርማ የለው፣ ቃል የለው፤
እጥፋቱ ላይ ብቻ አንዲት የዓሣ ቅርፊት አለው፤
ቀጭን፣ እንደ ሕፃን ጥፍር፣
ወደ ብርሃን ሳዘነብላት ሐምራዊ፣ ሳቃናት ብር።

ተነብቧል ማለት ነው።
ሳርዲን ፋብሪካው ውስጥ፣ በቢላዋና በበረዶ መኻል ቆማ ሳለች
የባውቲስታ እናት ጓንቷን አውልቃ ይቺን ወረቀት ዘርግታለች።

በማግስቱ ሌሊት፣ ፈረቃ በሚለወጥበት ሰዓት፣
ካፖርት ደርቤ ቆምኩ ከፋብሪካው በር፣ ከአንድ አምፖል ፊት።
ሴቶቹ እየተሳሳቁ ወጡ፤ ሲያዩኝ ሳቁ ተቋረጠ፤
ያንዷ ፊት ተለወጠ።
ኤርሲሊያ።
“ምን አጠፋ?” አለች፣ ገና “እንዴት አመሸሽ” ሳልል።
“ምንም” ብላት አላመነች። “ያለ ጥፋት ማን ይጠራል?

እኔም እዚያው ነው የተማርኩት፣ ሦስተኛው ክፍል፣ ከምድጃው ጎን፤
እናቴ ተጠርታ ሄዳ፣ ‘ልጅሽ ደደብ ናት’ ያሏትን
ይዛው ሞተች።
ያን ቢሮ ሳየው ዛሬም ጉልበቴ ይከዳኛል፤
ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ ቀይ ቀለሙ ይበቃኛል።
ባውቲስታ ይረብሻል። ባውቲስታ ይዘገያል። ባውቲስታ አይሰማም።
አንድ ቀን እንኳ ‘ባውቲስታ ሳቀ’ የሚል ደርሶኝ አያውቅም።”

ያዘጋጀሁት ንግግር፣ ስለ አደራ፣ ስለ ኀላፊነት፣
ጉሮሮዬ ላይ ቆመ እንደ ዓሣ አጥንት።

ቤቴ ገባሁ፤ ቀዩን እስክሪፕቶ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩ፤
በሰማያዊ፣ በአጭሩ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
“ባውቲስታ ዛሬ ጠየቀኝ፤ ባሕር ለምን ይሸሻል? ለምን ይመለሳል?
እኔ የተራራ አገር ልጅ ነኝ፤ መጽሐፌም በሁለት መስመር ያልፈዋል።
አባቱ ኦሬስቴስ ጀልባ አለው ይባላል።
በሚመቸው ሰዓት፣ በሚመቸው ልብስ ይምጣ፤
እኔ ከልጆቹ ጋር እቀመጣለሁ፤ እሱ ሰሌዳው ዘንድ ይውጣ።”

መጣ። በንጋት፣ በቀጥታ ከመረቡ፣ ጎማ ቦቱን እንዳጠለቀ፣
ቆቡን አውልቆ ጨመቀው፣ በሩ ላይ ቆሞ እየተሳቀቀ።
ጠመኔ ሲይዝ ሰበረ፤ ሌላ ሲይዝም ሰበረ፤
ሦስተኛውን ትቶ በባዶ እጁ አየሩን መቅዘፍ ጀመረ።
ጨረቃዋ ቡጢው፣ ውኃው የሌላ እጁ መዳፍ፤
ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ከጣራው ጠብታ በቀር፣ ከባልዲው አፍ።
ባውቲስታ እስከ ጆሮው ቀላ፤
ዘወር ብሎ አየኝ፣ የእሱ ወንበር ላይ፣ ከኋላ፣
ጉልበቴ አገጬን ነክቶ ተኮራምቼ፣
ሃያ ዓመት ያስተማርኩትን የባሕር ሙላት ገና ያን ቀን ሰምቼ።

ታምር አልሆነም፤ አላጋንንም።
በሚቀጥለውም ስብሰባ ሠላሳ ወንበር አልሞላንም።
ሰዓቱን ግን ከፈረቃ በኋላ አደረግነው፣
ከትምህርት ቤትም አውጥተን ፋብሪካው መመገቢያ ክፍል ወሰድነው።
ዐሥራ አንድ ሰው መጣ። አንዱ ተኛ።
ኤርሲሊያ ስለ ጣራው ተነሣች፣ ስለ ባልዲው፣ ስለ ሽንት ቤቱ መዝጊያ፤
ማዘጋጃ ቤት የምትገባው እሷ ናት፤ እኔ ሁለተኛ።

በዚያ ቢሮ በር ስታልፍ ግን ዛሬም ትፈጥናለች፤
አያለሁ። አልጠይቅም። አንድ ቀን ታንኳኳለች፣
ወይም አታንኳኳም።

ቅርፊቷ አለች፣ መዝገቤ ውስጥ፣ የስም መጥሪያው ገጽ ላይ፤
ስሞቹን ስጠራ ታበራለች። ሁልጊዜ አይደለም፤ ፀሐይ ስትኖር ነው፤
ፀሐይ ደግሞ ብርቅ ናት በታልካዋኖ ሰማይ።