ቀለም ቆጠራ

ካስትሮ ላይ፣ በእንጨት እግሮች በቆመ ቤት፣
ባሕሩ ከወለሉ ሥር በቀጠሮ በሚመላለስበት፣
ቀን የሳልመን ዓሣ ጠብቄ፣ ሲመሽ ካፖርቴን ሰቅዬ ከምስማር፣
የጦር መርከብ አዛዥ ነኝ፣ ከወንበሬ ሳልነሣ፣ በኮምፒውተር።

ሰባት ጊዜ ሰጠመች። ተኩስ አልነበረም፣ ቶርፔዶም አልመጣ፤
ሞተሯ ደኅና፣ ማዕበሉ የተኛ፣ ሰማዩም ያልተቆጣ።
ካርታው ላይ ጠቆር ያለውን ሰማያዊ እሸሻለሁ፤
ፈዘዝ ወዳለው፣ ብርሃን ወደሚመስለው አዞራለሁ፤
ከዚያ ገጭ! የብረት ሆድ ከዓለት ሲላተም፤
“አዛዥ፣ መሬት ነክተናል” ይላል ያ ስሜት የለሽ ድምፅ፣ ዛሬም።

ሌላ ግራጫ ደግሞ አለ፣ እንደ ጥላ የተንጣለለ፣
አንዴ የሚሰፋ፣ አንዴ የሚጠብ፣ መርከቧን እየተከተለ፤
መሬት አይደል፣ ደመና አይደል፣ ስሙ የትም አልተባለ።
ቀለም ቆጠርኩ ብዬ ከትምህርት ቤት የወጣሁት ሰው፣
አራት ቀለም አሸነፈኝ፤ አምስተኛውንማ ለማን ልንገረው?

የቤቱ ባለቤት ዶኛ ኤደልሚራ አንድ ምሽት
ኪራይ ሊጠይቁ መጡ፣ በዝናብ ርሰው፣ በድንገት፤
ጃንጥላቸው እየተንጠባጠበ ከጀርባዬ ቆሙ፤
ስሰጥም አዩኝ፣ ሰባተኛዬን፤ ዝም ብለው ተገረሙ።
“ይህን ባሕር ማን ነው የቀባው?”

ሠላሳ አንድ ዓመት ቫልፓራይሶ፣ የባሕር ካርታ መሥሪያ ቤት፣
በቀጭን ብሩሽ ውሃ ሲቀቡ ነው ያረጁት።

“እኛ የምንቀባው ጥልቅ ያልሆነውን ነበር፤
ሰማያዊ ማለት፦ ቀስ በል፣ ታችህ ቅርብ ነው፣ ዞር በል፣ ነበር።
ጥልቁን በነጩ እንተወዋለን፤
ጥልቅ ምክር አይሻም፣ መርከብ አያጋጭም።
ይኼ ልጅ ግን፣ ማንም ይሁን፣ እንደ ወፍ ቀባው፣ ከላይ አይቶ፤
ብርሃን የማይደርስበትን አጥቁሮ፣ አሸዋ የሚታይበትን አፍክቶ።
ሁለታችንም አልዋሸንም፤ አንዱ እንዳየ፣ ሌላው እንደፈራ ቀባ፤
ቀለም ከማመንህ በፊት የቀቢውን ፍርሃት ጠይቅ፤ ከዚያ ግባ።”

ጠቋሚ ጣታቸውን፣ ጥፍሩ ሥር እስከ ዛሬ ሰማያዊ የመሰለኝን፣
ግራጫው ላይ አኖሩ። ቅዝቃዜው እኔን ተሰማኝ።

“ይኼ ጥላ ደግሞ ባሕር አይደለም። የጎደለው የአንተ ዓይን ነው፤
ራዳርህን ተራራ ሲጋርደው፣ ካርታው ‘አላየሁም’ ያለው።
ባዶ ነው አላለህም። አላየሁም ነው ያለህ። ለየው።”

ዝም አሉ። ከወለሉ ሥር ውሃው ምሰሶውን ላሰ።

“እኛ ግራጫ አልነበረንም። ማንም ያልለካውን ወሽመጥ
ነጭ እንተወው ነበር፤
ጥልቁም ነጭ፣ ያልተለካውም ነጭ፤ ወረቀት ላይ ሁለቱም ለጥ።
ኤቫሪስቶ ወንድሜ፣ በጀልባው፣ እንጨት ጭኖ፣
ያንን ነጭ ‘ጥልቅ ነው’ ብሎ አነበበው፣ እኔን አምኖ።
ገጹን የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ በብሩሼ አልፌው፣ ዘልዬ፤
ከግርጌው ጥግ ስሜ አለ፣ በትንሹ፣ ‘ተፈጸመ’ ብዬ።”

ኪራዩን ሳይቀበሉ ወጡ፣ ጃንጥላቸውን ረስተው፤
ስምንተኛውን ጉዞ ጀመርኩ፣ ሞተሩን ሩብ ብቻ ሰጥቼው፤
ጥቁሩን መሀል ለመሀል ይዤ፣ ከፈዛዛው ርቄ፣
ከግራጫው ጠርዝ ስደርስ ቆምኩ፤ መልሕቅ ጥዬ፣ ጠብቄ።

ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መርከቧ እዚያው ናት።
ማያው ላይ፣ ከጥላው መሀል፣ እርጥብ የጣት አሻራ አለ፤
ካርታውን ባሳንሰው፣ ባተልቀው፣ እሱ ካለበት ያለ።
በእጅጌዬ ልጠርገው ብዬ እጄ ግማሽ መንገድ ሄደ፤
ከወለሉ ሥር፣ በጨለማ፣ ባሕሩ እየወረደ።